ሊትሩ የት ገባ? ነዳጅና የሙቀት ዘይት ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ እንዴት ይለካል

ከጅቡቲ ነዳጅ የጫነ ቦቴ በጋላፊ ገብቶ፣ ሚሌን አልፎ፣ የባቲን ዳገት ወጥቶ ኮምቦልቻ ሲደርስ አንዲት ጠብታ ሳትፈስበት ሊትሩ ሊጎድል ይችላል። የተጫነው በባሕር ጠረፍ ሙቀት ነው፤ የሚራገፈው 1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ሐረጎን ወጥቶ ደሴ ከገባ ደግሞ ከፍታው ወደ 2,500 ሜትር ይጠጋል። ተረካቢው የመለኪያ ዘንጉን ነክሮ ሲያይ ሰነዱ ላይ ከተጻፈው ቁጥር በመቶዎች የሚቆጠር ሊትር ያንሳል። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ሁሉም ያውቀዋል፤ ሾፌሩ ይጠረጠራል፣ ረዳቱ ይምላል፣ ንብረት ክፍል ደረሰኝ አልፈርምም ይላል።

ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ሙቀት ነው። ሁልጊዜ ግን አይደለም፤ «ሙቀት ነው» የሚለው ቃል ለተቀዳ ነዳጅ መሸፈኛ ሲሆንም ይታያል። ሁለቱን የሚለየው ጭቅጭቅ ሳይሆን የሂሳብ ማሽን የያዘ ሰው እዚያው ቆሞ የሚሠራው ስሌት ነው። ስሌቱ ከቦቴ ተነስቶ በፋብሪካ ግቢ ውስጥ እየሞቀ ለሚቃጠለው ጥቁር ናፍጣ፣ ከዚያም አልፎ 250 ዲግሪ ለሚደርሰው የሙቀት ማስተላለፊያ ዘይት ያገለግላል። በሦስቱም ቦታ ሂሳቡ አንድ ነው፤ የሚለያየው የስህተቱ ዋጋ ነው። ከዚህ በታች ያለው ዲግሪ ሁሉ ሴንቲግሬድ ነው።

ሥራ ከመጀመርዎ በፊት የሚይዟቸው ቁጥሮች

እፍጋት ማለት የተወሰነ ይዘት ያለው ፈሳሽ ስንት ይመዝናል ማለት ነው። ነዳጅ ሲሞቅ ሞለኪውሎቹ ይራራቃሉ፤ ያው ክብደት ሰፋ ያለ ቦታ ይይዛል። ሊትሩ ይጨምራል፣ የአንዱ ሊትር ክብደት ይቀንሳል፣ ጠቅላላው ኪሎ ግን ንቅንቅ አይልም። የቀረው ሁሉ ከዚህ ይመነጫል።

ነዳጅ የሚወዳደረው በአንድ የጋራ ሙቀት ነው። በአብዛኛው ዓለም ይህ 15 ዲግሪ ነው፤ 20 ዲግሪን የሚጠቀሙ አገሮችም አሉ። ስለዚህ የሰነድ ቁጥር ሲያዩ መጀመሪያ የሚጠይቁት «በስንት ዲግሪ?» ብለው ነው። በ15 ዲግሪ ቤንዚን በአንድ ሜትር ኪዩብ ከ720 እስከ 775 ኪሎ ግራም፣ ነጭ ናፍጣ ከ820 እስከ 860፣ ኬሮሲን 800 አካባቢ ይመዝናል። ከባድ ጥቁር ናፍጣ ብዙውን ጊዜ ከ950 በላይ ነው፤ 990 የሚደርስም አለ።

አሁን ደግሞ በቃል የሚያዘው። ነጭ ናፍጣ በአንድ ዲግሪ ጭማሪ ከእፍጋቱ 0.7 ኪሎ ግራም ያጣል። ኬሮሲን 0.74፣ ከባድ ጥቁር ናፍጣ 0.68፣ የማሽን ዘይት 0.63 ገደማ። ልብ ይበሉ፣ ከቤንዚን በስተቀር ሁሉም በ0.7 ዙሪያ ነው የሚሽከረከሩት። ቤንዚን ብቻ ወደ 0.9 ይወጣል። በሊትር ሲታሰብ፣ 1,000 ሊትር ናፍጣ በአንድ ዲግሪ 0.84 ሊትር ይሰፋል ወይም ይሰበሰባል፤ 1,000 ሊትር ቤንዚን 1.2 ሊትር።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስህተት ማረም ያስፈልጋል። ነዳጁ የተለወጠው «ከፍታ ላይ ስለወጣ፣ አየሩ ስለሳሳ ነው» የሚሉ አሉ። አይደለም። ፈሳሽ በአየር ግፊት ለውጥ የሚጨመቀው ወይም የሚላላው ከቁጥር በማይገባ መጠን ነው። ደሴ ናፍጣውን የምታሳንሰው ስለምትቀዘቅዝ ብቻ ነው። የከፍታ ጉዳይ ግን ዝቅ ብለን ወደ ውሃ ስንደርስ በሌላ በር ተመልሶ ይመጣል።

አንደኛ፦ ሙቀቱን ከነዳጁ ሆድ ይውሰዱ

በዚህ ሥራ ላይ በብዛት የሚበላሸው እርምጃ ይህ ነው። ሰው የዕለቱን የአየር ሙቀት ይወስዳል፤ ወይም የቦቴውን ቆርቆሮ ዳስሶ «ሞቋል» ይላል። 45,000 ሊትር ናፍጣ ግን ሌሊቱን ባቲ አድሮ ቢመጣ እንኳን በአንዴ አይቀዘቅዝም። ቆርቆሮው ጠዋት በብርድ ሲንቀጠቀጥ ውስጡ ገና የትናንቱን ሙቀት ይዞ ሊሆን ይችላል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ ላዩ በፀሐይ ግሎ ሆዱ ቀዝቃዛ ነው።

የሚያስፈልግዎ ቢያንስ በግማሽ ዲግሪ የተከፋፈለ ቴርሞሜትርና እሱን ከታች ፈሳሽ የሚይዝ ትንሽ ማቀፊያ ነው። ማቀፊያው ከሌለ ቴርሞሜትሩ ከነዳጁ ወጥቶ አየር እንደነካው ቁጥሩ መለወጥ ይጀምራል። እያንዳንዱን የቦቴ ክፍል ለየብቻ ይለኩ። ቴርሞሜትሩን እስከ ፈሳሹ ግማሽ ጥልቀት ያውርዱት፤ ለናፍጣ ቢያንስ 5 ደቂቃ ያቆዩት፤ ለጥቁር ናፍጣ 15 ደቂቃና ከዚያም በላይ፣ ምክንያቱም ወፍራም ፈሳሽ ሙቀቱን ለቴርሞሜትሩ ቶሎ አይሰጥም። ሲያወጡት ወዲያው ያንብቡ።

የአንድ ዲግሪ ስህተት በ45,000 ሊትር ላይ 38 ሊትር ነው። የናፍጣን ዋጋ ለሚያውቅ ሰው ጥሩ ቴርሞሜትር ገዝቶ ማስቀመጥ ምን ያህል እንደሚያዋጣ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

ስለ ደህንነት በአጭሩ፦ ቦቴው ቆሞ ነዳጁ እስኪረጋ ቢያንስ 15 ደቂቃ ይጠብቁ፤ በጉዞ የተናወጠ ነዳጅ የኤሌክትሪክ ሙል ያጠራቅማል። መክደኛውን ከመክፈትዎ በፊት ቦቴውን ከመሬት ሽቦ ጋር ያገናኙ። የሚያወርዱበት ገመድ የጥጥ ይሁን፣ ናይለን አይሁን። ስልክዎን ታች ይተዉት። ቤንዚን ከሆነ ነፋሱ ከሚመጣበት ጎን ቆመው ይክፈቱ።

ሁለተኛ፦ እፍጋቱን በሃይድሮሜትር ያንብቡ

ሰነዱ ላይ እፍጋቱ ተጽፎ ቢመጣም ራስዎ በሃይድሮሜትር፣ ማለትም ፈሳሽ ውስጥ እየተንሳፈፈ እፍጋቱን በሚያሳይ የመስታወት መሣሪያ፣ ይለኩት። ምክንያቱ ሁለት ነው፤ ለስሌቱ ትክክለኛ ቁጥር ያስፈልግዎታል፣ በተጨማሪም ነጭ ናፍጣ ተብሎ የመጣው ኬሮሲን የተቀላቀለበት ከሆነ የመጀመሪያውን ፍንጭ የሚሰጥዎ ይህ ብርጭቆ ነው።

ናሙናውን ከክፍሉ መካከል አውጥተው በግድግዳው እያንሸራተቱ ወደ ረጅሙ የመስታወት ሲሊንደር ይቅዱ፤ ከላይ ካንቆረቆሩት አረፋ ይይዛል። ሲሊንደሩን ነፋስ የማይነካው ደልዳላ ቦታ ያስቀምጡ። ሃይድሮሜትሩን ቀስ ብለው ለቀው በጣትዎ ትንሽ ያሽከርክሩት፤ እየዞረ ሲቆም ከግድግዳው ጋር አይጣበቅም። ዓይንዎን ከፈሳሹ ወለል ጋር አስተካክለው ያንብቡ። ፈሳሹ በዘንጉ ዙሪያ ትንሽ ስለሚንጠለጠል የሚነበበው ያ የተንጠለጠለው ጠርዝ ሳይሆን ዋናው ወለል ነው። ጥቁር ናፍጣ ላይ ግን ወለሉ ስለማይታይ የላይኛውን ጠርዝ አንብበው ለሃይድሮሜትሩ የተሰጠውን ማስተካከያ ይደምራሉ።

ከማንበብዎ በፊትና በኋላ የሲሊንደሩን ሙቀት ይለኩ። ሁለቱ ቁጥሮች ከግማሽ ዲግሪ በላይ ከተራራቁ ናሙናው ገና እየቀዘቀዘ ወይም እየሞቀ ነውና ይጠብቁ። እዚህ የሚፈለገው ሙቀት የሲሊንደሩ እንጂ የቦቴው አይደለም፤ ሁለቱን መቀላቀል ውጤቱን ሁሉ ያበላሻል።

አሁን ወደ 15 ዲግሪ ያምጡት። በ31 ዲግሪ 831 ካነበቡ ከ15 ያለው ርቀት 16 ዲግሪ ነው፤ 16 በ0.7 ሲባዛ 11.2፤ ስለዚህ እፍጋቱ በ15 ዲግሪ 842.2 ነው። ሲሞቅ ስለሚቀንስ ወደ ቀዝቃዛው ስንመለስ እንደምራለን። ይህን ገልብጦ የሚቀንስ ሰው አለ፤ መፈተኛው ቀላል ነው፤ በ15 ዲግሪ ያለው ቁጥር ሁልጊዜ በሙቁ ከተነበበው መብለጥ አለበት።

ከባድ ጥቁር ናፍጣ በኮምቦልቻ ጠዋት ሃይድሮሜትሩን እንደ ተከለ እንጨት አቁሞ ይይዘዋል። ናሙናውን በሙቅ ውሃ ውስጥ አቁመው 50 ዲግሪ ያድርሱት። በ50 ላይ 936 ካነበበ፣ 35 ዲግሪ በ0.68 ተባዝቶ 23.8 ይደመራል፤ በ15 ዲግሪ 959.8 ማለት ነው።

ሦስተኛ፦ የጎደለውን ሊትር በኪሎ ያጣሩ

ቦቴው ቆሞ የሚለካው ደልዳላ ቦታ ላይ ነው። (ደሴ ውስጥ ደልዳላ ቦታ መፈለግ ራሱን የቻለ ሥራ ነው፤ ቢሆንም ይፈለጋል።) የነዳጁ ወለል ስፋት በጠቅላላው 20 ሜትር ካሬ ቢሆን በዘንጉ ላይ የምትሳሳት አንዲት ሚሊ ሜትር 20 ሊትር ናት።

ምሳሌ እንውሰድ። ሰነዱ 45,000 ሊትር፣ በ36 ዲግሪ የተጫነ፣ እፍጋቱ በ15 ዲግሪ 842 ይላል። እርስዎ የለኩት ሙቀት 26 ዲግሪ ነው።

ሲጫን፦ ከ15 እስከ 36 ድረስ 21 ዲግሪ፤ በ0.7 ሲባዛ 14.7፤ እፍጋቱ 827.3 ነበር። 45,000 ሊትር በ0.8273 ሲባዛ 37,228.5 ኪሎ ግራም ይሆናል።

ሲደርስ፦ ከ15 እስከ 26 ድረስ 11 ዲግሪ፤ በ0.7 ሲባዛ 7.7፤ እፍጋቱ 834.3 ሆኗል። 37,228.5 ለ0.8343 ሲካፈል 44,622 ሊትር።

378 ሊትር «ጠፍቷል»፤ አንድ ኪሎ ግን አልጎደለም። ዘንጉ 44,600 ገደማ ካሳየ ሾፌሩን አመስግነው ይፈርሙ። 44,100 ካሳየ ሙቀቱ የሚሸፍነው 378ቱን ብቻ ነው፤ ከ500 በላይ ለሚሆነው ሌላ መልስ ያስፈልጋል፤ ያኔ «ሙቀት ነው» ማለት ውሃ የማያነሳ ምክንያት ይሆናል። ለኔ የዚህ ስሌት ትልቁ ጥቅም ይሄው ነው፤ ንጹሁንም ሌባውንም በአንድ ወረቀት ላይ ያወጣቸዋል።

0.7 ማባዛት ግምት አይደለም ወይ የሚል ይኖራል። ነው፤ ለኦፊሴላዊ ክርክር ኤፒአይና ኤኤስቲኤም የተባሉት የደረጃ አውጪ ድርጅቶች ሠንጠረዦች አሉ፤ 53 ቢ የተባለው የተነበበውን እፍጋት ወደ 15 ዲግሪ ያመጣል፣ 54 ቢ የተባለው ደግሞ ሊትሩን። በዚህ ምሳሌ ላይ ሠንጠረዡ የሚሰጠው ውጤት ከኛ የሚለየው 10 ሊትር በማይሞላ ቁጥር ነው። ለዕለት ሥራ ይበቃል። የታንኩ ብረት ራሱ በሙቀት የሚሰፋው ከናፍጣው ከሃያ እጥፍ ባነሰ መጠን ስለሆነ እዚህ ላይ ይተዉት።

ለማደያ ባለቤቶች አንድ ተጨማሪ ነገር። ነዳጁ በ26 ዲግሪ ገብቶ ከመሬት በታች ባለ ታንክ ውስጥ ሲያድር መቀዝቀዙን ይቀጥላል። 20,000 ሊትር ናፍጣ 9 ዲግሪ ቢቀዘቅዝ 150 ሊትር ያህል ይሰበሰባል፤ ቤንዚን ከሆነ 220። ቀጂዎቹን ከመጠርጠርዎ በፊት ከተረከቡበት ቀን ጋር የታንኩን ሙቀት በመዝገቡ ላይ አብረው ይጻፉ። በነገራችን ላይ የማብሰያ ጋዝ በኪሎ የሚሸጠው ያለ ምክንያት አይደለም። በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ፕሮፔን በአንድ ዲግሪ 0.3 በመቶ ገደማ ይሰፋል፤ ከናፍጣ ሦስት እጥፍ ይበልጣል። ሲሊንደር እስከ አፉ የማይሞላውም በዚሁ ሳቢያ ነው።

አራተኛ፦ ሆን ተብሎ የሚሞቀው፤ ጥቁር ናፍጣ በፋብሪካ ግቢ

እስካሁን ያየነው አየሩ ያሞቀውን ወይም ያቀዘቀዘውን ነው። ኮምቦልቻ ግን የፋብሪካ ከተማ ናት፤ ጨርቃ ጨርቁ፣ ቢራው፣ ብረቱ እዚህ ነው፤ ቦይለር ባለበት ግቢ ደግሞ ነዳጅ የሚሞቀው በእጃችን ነው። ከባድ ጥቁር ናፍጣ በፓምፕ ለመገፋት 50 ወይም 60 ዲግሪ፣ በማቃጠያው ጫፍ በደንብ እንዲበተን ደግሞ እንደ ውፍረቱ 100 ዲግሪና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። የሙቀቱ ልዩነት ከአሥር ወደ መቶ ሲያድግ ስህተቱም አብሮ ያድጋል።

መጀመሪያ ስለ ባዶ ቦታ። 30,000 ሊትር የሚይዝ ታንክ በ25 ዲግሪ እስከ አፉ ተሞልቶ በእንፋሎት ቱቦ 70 ቢደርስ፣ በ15 ዲግሪ 960 የነበረው እፍጋት ከ953 ወደ 923 ይወርዳል፤ 1,000 ሊትር ያህል በመተንፈሻው በኩል ግቢው ላይ ይፈሳል። ስለዚህ ታንኩን ሲሞሉ የሚያስሉት በሚሞላበት ሙቀት ሳይሆን ሊደርስ በሚችለው ከፍተኛ ሙቀት ነው። 5 በመቶ ባዶ መተው ከዚህ ስሌት የሚወጣ ቁጥር ነው፤ እኔ 7 ብተው ይሻለኛል፤ የማሞቂያው መቆጣጠሪያ ሲበላሽ ሙቀቱን የሚያቆመው የለም።

ሁለተኛው የሙቀቱ አለመስተካከል ነው። የሞቀው ናፍጣ ቀለል ስለሚል ወደ ላይ ይወጣል፤ ከማሞቂያው ራቅ ብሎ ከታች የተኛው ግን ቀዝቅዞ ይቀራል። በግድግዳው ላይ ያለው አንድ ቴርሞሜትር የሚናገረው የቆመበትን ቦታ ብቻ ነው። ከላይ፣ ከመካከልና ከታች ለክተው አማካዩን ይውሰዱ፤ 67፣ 56 እና 48 ካገኙ በ57 ያስሉ።

የነዳጁን ቁመት በግፊት የሚለካ መሣሪያ ካለዎ ደግሞ ይጠንቀቁ። እንዲህ ዓይነቱ መሣሪያ የሚያውቀው ክብደትን እንጂ ቁመትን አይደለም። በ960 የተስተካከለ ከሆነና ነዳጁ 60 ዲግሪ ላይ 929 ከሆነ፣ እውነተኛው ቁመት 4 ሜትር ሲሆን 3.87 ያሳይዎታል። ታንኩ እየሞላ ሳለ 13 ሴንቲ ሜትር ዝቅ አድርጎ የሚያነብ መሣሪያ ማመን የሚያመጣው መዘዝ ግልጽ ነው።

ሦስተኛውና በሪፖርት ላይ ብዙ ንትርክ የሚያስነሳው የፍሰት ቆጣሪው ነው። ቆጣሪው ከማሞቂያው ቀጥሎ ማቃጠያው አጠገብ ከተገጠመ የሚቆጥረው በ110 ዲግሪ ያበጠውን ሊትር ነው። በ60 ዲግሪ ከታንኩ የወጣ 1,000 ሊትር (እፍጋቱ 929.4) እዚያ ሲደርስ እፍጋቱ 895.4 ስለሚሆን ቆጣሪው ላይ 1,038 ሆኖ ይመዘገባል። ነዳጁ በ40 ዲግሪ የተገዛ ከሆነ ልዩነቱ ከ5 በመቶ ይበልጣል። ያም ማለት 100,000 ሊትር የገዛ ፋብሪካ 105,000 አቃጠልኩ ብሎ ይጽፋል። የንብረት ክፍሉ መዝገብና የቦይለር ክፍሉ መዝገብ በየወሩ የማይታረቁት፣ ማንም ሳይዋሽ ነው። መፍትሔው ሁለቱንም በኪሎ መጻፍ ነው፤ ሊትር፣ ሙቀት፣ እፍጋት፣ ኪሎ፤ አራት ዓምድ። በቶን ነዳጅ ስንት ቶን እንፋሎት አወጣን የሚለው ጥያቄም ትክክለኛ መልስ የሚያገኘው ያን ጊዜ ነው።

ውሃውን ለማውጣት እፍጋትን ይጠቀሙበት

ከባድ ጥቁር ናፍጣ ውስጥ ያለ ውሃ ከታች የሚቀመጠው ከባድ ስለሆነ ነው፤ ግን ምን ያህል ይከብዳል? በ15 ዲግሪ ውሃ 999፣ ናፍጣው 980 ቢሆን ልዩነቱ 19 ብቻ ነው። በዚያ ላይ ናፍጣው ወፍራም ነውና የውሃው ጠብታ እንደተንጠለጠለ ይቀራል። ወደ 60 ዲግሪ ሲያሞቁት ውሃው 983 ሲሆን ናፍጣው 949 ይሆናል፤ ልዩነቱ 34 ደረሰ። ነዳጁም ቀጥኗል። ስለዚህ አሙቀው፣ ማሞቂያውን ዘግተው፣ ሳይነካካ አሳድረው፣ ጠዋት ከታች ያለውን ቧንቧ ቀስ ብለው ይክፈቱ። በቀዝቃዛ ታንክ ላይ «ውሃ የለም» ብሎ መፈረም ምንም አያረጋግጥም።

ከፍታው የሚመጣው እዚህ ነው። ውሃ ኮምቦልቻ ላይ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ገደማ፣ ደሴ ላይ በ92 ገደማ ነው። «ከ100 በታች ነኝ» ብሎ ክፍት ታንክን 95 ዲግሪ ያደረሰ ሰው ከሥር ያለውን ውሃ አፍልቶ ናፍጣውን በአረፋ ያስወጣዋል። በማከማቻ ታንክ ላይ ከ80 ዲግሪ ባያልፉ ይመረጣል።

አምስተኛ፦ የሙቀት ማስተላለፊያ ዘይት

እንፋሎት በማይጠቀሙ ማሞቂያዎች፣ ለምሳሌ ጨርቅ በሚያደርቁና አስፋልት በሚያሞቁ መሣሪያዎች ውስጥ፣ የሚዞረው ዘይት ነው። የተለመደ ማዕድናዊ የሙቀት ዘይት በ20 ዲግሪ 863፣ በ200 ዲግሪ 746፣ በ250 ዲግሪ 713፣ በ300 ዲግሪ 681 ገደማ ይመዝናል። ለራስዎ ዘይት የአቅራቢውን ሠንጠረዥ ይጠቀሙ፤ ሙቀቱ ከመቶ ሲያልፍ በቃል የተያዘ ቁጥር አያስተማምንም።

በቱቦና በማሞቂያው ውስጥ 2,000 ሊትር ቀዝቃዛ ዘይት አለ እንበል። 250 ዲግሪ ሲደርስ 2,000 በ863 ተባዝቶ ለ713 ሲካፈል 2,421 ሊትር ይሆናል። 421 ሊትር መሄጃ ይፈልጋል፤ መሄጃው ከላይ የሚሰቀለው የመስፋፊያ ታንክ ነው። የተለመደው አሠራር ታንኩ ሲቀዘቅዝ ሩብ፣ ሲሞቅ ሦስት ሩብ እንዲሆን ነው። ስለዚህ 421 የታንኩ ግማሽ መሆን አለበት፤ ከ842 ሊትር የሚያንስ ታንክ አይበቃም፤ የ1,000 ሊትር ይሰቀል። አንድ ተጨማሪ ማሽን ከመስመሩ ጋር ሲቀጠል የቱቦውን ዘይት ጨምሮ ይህን ስሌት እንደገና የሚሠራ እምብዛም አይገኝም፤ ታንኩ ግን ያኔውኑ ማነስ ይጀምራል።

ፓምፑ ላይ የሚታየው ለውጥ ብዙ ጊዜ ያስደነግጣል። ጠዋት 2.5 ባር ያሳይ የነበረው የፓምፑ የግፊት ልዩነት መስመሩ ሲግል ወደ 2.1 ይወርዳል፤ ሜካኒኩ ፓምፑን ሊፈታ መፍቻ ያነሳል። የሚሽከረከር ፓምፕ ፈሳሹን ወደ 30 ሜትር የሚገፋ ከሆነ ቢሞቅም ቢቀዘቅዝም 30 ሜትር ነው የሚገፋው፤ የቀለለው የዘይቱ ዓምድ ነው። 713 ለ863 ሲካፈል 0.83 ነው፤ ግፊቱም በዚያው ልክ ይወርዳል። ከዚህ በላይ ከወረደ ብቻ ነው ፓምፑን የሚጠረጥሩት። በተቃራኒው ቀዝቃዛው ዘይት ከባድና ወፍራም ስለሆነ ሞተሩ ጠዋት ሲነሳ ከቀኑ የበለጠ አምፔር ይስባል።

የሚሰጠውን ሙቀት ሲያሰሉም እፍጋቱ የሥራውን ሙቀት ይከተል። በሰዓት 20 ሜትር ኪዩብ የሚዞር ዘይት በ250 ዲግሪ 14,260 ኪሎ ግራም ነው። በዚህ ሙቀት አንድ ኪሎ ዘይት በአንድ ዲግሪ 2.7 ኪሎ ጁል ያህል ይይዛል፤ በማሽኑ ውስጥ ሲያልፍ 20 ዲግሪ ቢጥል ወደ 215 ኪሎ ዋት ይሰጣል። የቀዝቃዛውን 863 ይዘው ካሰሉ 260 ኪሎ ዋት ያገኛሉ። በወረቀት ላይ ያለው 45 ኪሎ ዋት ጨርቁን አያደርቀውም።

አዲስ ዘይት ሲሞላ ወይም መስመሩ ሲጠገን እርጥበት መግባቱ አይቀርም። ሙቀቱን ቀስ አድርገው ወደ 90 ያድርሱና ከዚያ እስከ 110 ባለው መካከል፣ የመስፋፊያ ታንኩ መተንፈሻ ተከፍቶ፣ እንፋሎቱ መውጣት እስኪያቆም ይቆዩ። ከባሕር ጠረፍ ለሚሠሩ የተጻፈ መመሪያ «ከ100 ጀምሮ ይጠንቀቁ» ሊል ይችላል፤ እዚህ ግን የፓምፑ መንቀጥቀጥና የግፊቱ መዝለል ከዚያ ቀደም ብሎ ይጀምራል።

የመጨረሻው ማሳሰቢያ ስለ መጨመርና መቀነስ ነው። መስመሩ ሲሠራ ታንኩ ሦስት ሩብ መድረሱን አይቶ «በዝቷል» ብሎ ዘይት የሚያፈስ ኦፕሬተር አለ። ቅዳሜ ማሽኑ ሲቆም ዘይቱ ይሰበሰባል፤ 421 ሊትር ወደ ቱቦው ይመለሳል፤ ታንኩ ባዶ ይሆንና ከታቹ አየር ይገባል። ሰኞ ጠዋት ፓምፑ የሚስበው አየር ነው፤ በማሞቂያው ቱቦ ውስጥ ዘይቱ ካልተንቀሳቀሰ ደግሞ እሳቱ ቱቦው ላይ ያከስለዋል። ዘይት የሚጨመረውም የሚቀነሰውም መስመሩ ቀዝቅዞ፣ የታንኩ ደረጃ ከሩቡ ምልክት ጋር ተመሳክሮ ብቻ ነው። የዝቅተኛ ደረጃ ማቆሚያው በርነሩን በእርግጥ እንደሚያጠፋም በዚያው ቀን፣ ተንሳፋፊውን በእጅ ዝቅ አድርገው ይፈትሹት።